የጋለ ኪቦርድ፣ የጠፋ ማሲንቆ

ፋሲካ እየደረሰ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጎንደር ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ለዚህም ይመስለኛል በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ አሮጌ ኪቦርድ የሆኑት። ሰው በጾሙ ዕቃውን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዶ ሲሞክረው ነው በሽታው የሚታየው። አምስቱን መርጫለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ የፈጀ ነበርና ላኪው ይቅር ይበለኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ከአዘዞ ነው የምጽፍልዎ። ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ዕቃዬ ሃያ ዓመት ያለፈው አሬንጀር ነው፣ አጃቢውን ራሱ የሚመታ፣ የድሮውን የፍሎፒ ዲስክ የሚጎርሰው ዓይነት። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ምንም አይለኝም። ከዚያ ጀርባው በቀኝ በኩል እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ልክ ጭፈራው ሲደምቅ ስታክ ያደርጋል። አጥፍቼ ሩብ ሰዓት ካሳረፍኩት ይነሳል። ባለፈው ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ዝም ብሎብኝ ማሲንቆ ተጫዋቹ ነው ከጉድ ያወጣኝ። ከፋሲካ በኋላ መተማ ሰርግ ይዣለሁ። ልክፈተው ወይስ ልሽጠው?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ አትሽጠው። ካቻቢቴውንም ግን ገና አታንሳ። መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አውጣ። ያቀናበርካቸውን ስታይሎች (የአጃቢ ምቶች)፣ ለየዘፈኑ ያስቀመጥካቸውን ድምፆች፣ ያለህን ሁሉ ዛሬ ማታ ኪቦርዱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሁለት ፍሎፒ ላይ ገልብጥ። አንድ አይደለም፣ ሁለት። ሞቆ ስታክ ሊያደርግ ሲል ሴቭ አታድርግ፤ ጽፎ ሳይጨርስ መሐል ላይ ከቆመ ዲስኩንም ያበላሽብሃል።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት የራሴን ኪቦርድ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁ። ሰውየው ሙያውን ያውቃል፣ ዕቃውን አስተካክሎ መለሰልኝ። ሲፈትሸው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎት ነበር። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ችክችካ፣ ለየዘፋኙ ፍጥነቱን የለካሁለት እስክስታ፣ በትዝታና በአንቺሆዬ የቃኘኋቸው ድምፆች፣ ሁሉም ሄደ። በእሱ አልፈርድም፣ ውስጡ የራሴ ነገር እንዳለ አልነገርኩትም። ኪቦርድ ገበያ ላይ ይገኛል። የአንተ ችክችካ ግን የትም ሱቅ የለም።

አሁን ወደ ግለቱ። በእርግጥ ጥፋቱ ሙቀት መሆኑን እንይ። ቤትህ ውስጥ ኪቦርዱን በእግሩ ላይ አቁመውና አንዱን ስታይል ከፍተህ ዝም ብሎ እንዲዞር ተወው። ሰዓት ያዝ፣ ስንት ደቂቃ ላይ እንደቆመ ጻፍ። በማግስቱ ያንኑ ድገም፤ አሁን ግን የጠረጴዛ ቬንትሌተር ከጀርባው አድርግ። በቬንትሌተሩ ሁለት ሰዓት ከሄደ ነገሩ ሙቀት ነው። ቬንትሌተሩ ምንም ካልለወጠ ሙቀቱን አታሳድድ፤ ወይ የሚገባው መብራት ይዋዥቃል፣ ወይ ውስጥ የላላ ነገር አለ። የስክሪኑ መደብዘዝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንህም። ኤልሲዲ ስክሪን ሙቀት ሲለወጥ እሱም ይለወጣል፤ ብዙዎቹ ኪቦርዶች ላይ የኮንትራስት መዘውር የተደረገውም ለዚሁ ነው። አዙረኸው ከጠራ እርሳው።

ትንሽ መሞቅ ጤና ነው። በተለይ የመብራቱ ገመድ በሚገባበት በኩል፣ ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለኪቦርዱ የሚያስተካክለው ክፍል) እዚያ ስለሆነ፣ ለብ ማለቱ አያስደነግጥም። መዳፍህን አሳርፈህ አምስት ሰከንድ መታገሥ ካቃተህ ግን ብረቱ ወደ 60 ዲግሪ ተጠግቷል ማለት ነው። ውጩ እንዲህ ከሆነ ውስጡን አስበው።

እኔ ጋ ከሚመጡት የሚበዙት የሚግሉት በሽታ ኖሮባቸው አይደለም፣ ታፍነው ነው። አንዱ ከገዛበት ጊዜ ጀምሮ ፕላስቲኩን አልገፈፈውም። ሌላው አምፕሊፋየር ላይ ያስቀምጠዋል፣ አምፕሊፋየሩ ራሱ ምድጃ ነው። ሌላዋ እናት ልጃቸው ሳያይ ዳንቴል አልብሰውት ነበር፣ ያምራል እኮ፣ ግን ከኋላ ያሉት መተንፈሻዎች ተደፍነዋል። የአንተን ከሥርም ከጀርባም አገላብጠህ እያቸው። ሰርግ ቤት አቧራ ብቻ አይደለም ያለው፤ የዕጣኑ ጢስ፣ የወጡ እንፋሎት ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። ይህ ብርድ ልብስ ነው፣ ሙቀቱን ይዞ ያስቀራል።

ለማጽዳት ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስነፋት ፋሽን ሆኗል። ተው። የጎማ ኮምፕሬሰር አየሩ ውኃና ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው፣ ጉልበቱም ቀጫጭን ሽቦ ይነቅላል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃል። ውስጡ ፋን ካለው ስትጠርገው በጣትህ ያዘው፣ በኃይል እንዳይሽከረከር።

አንዳንድ ሰው «ጎንደር ደጋ ነው፣ እዚህ ዕቃ አይግልም» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። አየራችን ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆንን ከባሕር ወለሉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የሚሸከመው በጥቂቱ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በእሱ አታሳብብ። ይልቅ መብራቱን ተጠራጠር። ከባድ ትራንስፎርመር ያለው የድሮ ኪቦርድ ከሚያስፈልገው በላይ ቮልት ሲገባለት ትርፉን የሚጥለው በሙቀት ነው። በጄኔሬተር ሲሆን ብሶ በቤት መብራት ሲሆን የሚሻለው ከሆነ ጄኔሬተሩን በቴስተር አስለካ። 220 መሆን የሚገባው 250 ሲል አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖም ከጋለ፣ ዕድሜ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያሉት ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተሮች (መብራት የሚያቁሩ ዕቃዎች) ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ በጊዜ ብዛት ይደርቃሉ። በሙያው የሚታወቅ ስሌት አለ፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። ሃያ ዓመት ሊኖር የሚችለው በ20 ዲግሪ ትርፍ ሙቀት አምስት ዓመት ነው የሚኖረው ማለት ነው። አናታቸው ካበጠ ወይም ሥራቸው ቡናማ ነገር ካፈሰሰ መለወጥ ነው፣ የሚፈጀው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ግን አንተ ራስህ አትግባበት። ከሶኬት ነቅለኸውም ቢሆን አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ታቁሮ ይቆያል። ሰው የሚጥል ነው። ይህን ለባለሙያ ስጥ፣ ስትሰጠውም «ሜሞሪውን እንዳትነካ» በለው። እኔ ያላልኩትን አንተ በል።

ጥያቄ፦ ሰላም። ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ቤቴ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። አያቴ ማሲንቆ ይመቱ ነበር። ሳያርፉ በፊት ድምፃቸውን ኮርግ ትራይተን ላይ ቀድቼ በኪቦርዱ እንዲጫወት አደረግሁት። ፍሎፒ ላይ ሴቭ አድርጌ ነበር። አሁን ስከፍተው ስሙ አለ፣ «የአያ ማሲንቆ» ብዬ የጻፍኩት ይታያል፣ ስጫነው ግን ዝም። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ኪቦርዱ ደህና ነው። የሆነውን ልንገርሽ፣ ቅር እንዳይልሽ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ትራይተን ነገሮችን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ፒሲጂ የሚባለው ፋይል የድምፁን አዘገጃጀት ይይዛል፣ ስሙን፣ ማጣሪያውን፣ ኢፌክቱን። ኤስኤንጂ ሙዚቃውን ይይዛል። የተቀዳው ድምፅ ራሱ በሌላ ፋይል ነው፣ ኬኤስሲ የሚባል ዝርዝርና ከሱ ጋር የሚሄዱ ፋይሎች። ፒሲጂውን ብቻ ሴቭ ካደረግሽ ያስቀመጥሽው ሳጥኑን ነው፣ ማሲንቆው ውስጡ የለም። ኪቦርዱን ስታጠፊው ደግሞ የተቀዳው ድምፅ ከሜሞሪው ይጠፋል፤ የዚያ ዘመን ሳምፕለሮች (ድምፅ ቀድተው የሚያጫውቱ ማሽኖች) ልማድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የአካይ ኤምፒሲ2000ም እንዲሁ ነው።

ተስፋ ግን አትቁረጪ፣ ገና የሚፈተሽ ነገር አለ። አሁኑኑ ፍሎፒዎቹን በሙሉ ሰብስቢና ማዕዘናቸው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍተሽ ቀዳዳው እንዲታይ አድርጊ። ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ማንም ሊጽፍበት አይችልም። ከዚያ አንድ በአንድ እያስገባሽ የፋይሎቹን መጠን እዪ። ፒሲጂና ኤስኤንጂ ብቻ ካለ የለም ማለት ነው። ስማቸው በኬኤስኤፍ የሚያልቅ ትልልቅ ፋይሎች ካየሽ ማሲንቆው እዚያ አለ፤ ኬኤስሲውን ስትከፍቺ አብሮ ይመጣል። ብዙ ሰው ሳያውቀው በሌላ ዲስክ ላይ ለብቻው አስቀምጦት ይገኛል፤ ምክንያቱም አንድ ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ነው፣ በሲዲ ጥራት በአንድ ቻናል ቢቀዳ 16 ሰከንድ ያህል ብቻ ይይዛል፣ ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ሌላ ዲስክ ጠይቆሽ ሊሆን ይችላል።

ተሰርዞ ከሆነም፣ በላዩ ካልተጻፈበት ኮምፒውተር ሊመልሰው ይችላል። መጀመሪያ ግን የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ወደ ኮምፒውተር ውሰጂና ሙከራውን በግልባጩ ላይ አድርጊ እንጂ በዋናው አይሁን። ሌላም ልጠይቅሽ፣ መጀመሪያ ስትቀጂ በቀጥታ ወደ ኪቦርዱ ነው ወይስ በስልክ ወይም በካሴት ቀድተሽ ነው ያስገባሽው? ካሴቱ ከተገኘ ሁሉም ነገር እንደገና ይሠራል። ለወደፊቱ «ሴቭ ኦል» የሚለውን ምረጪ። ሴቭ ካደረግሽ በኋላም ማሽኑን አጥፍተሽ፣ አብርተሽ፣ ከዲስኩ ከፍተሽ ስሚው። ያልተሰማ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። በተጨማሪ ከኪቦርዱ የድምፅ መውጫ (ላይን አውት) ወደ ኮምፒውተር ገመድ ስቢና እያንዳንዷን ኖታ እንደ ተራ ድምፅ ቅጂያት። ዘዴው የድሮ ነው፣ ግን ፍሎፒም ኪቦርዱም ቢሞቱ የአያትሽ እጅ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ። አንድ ያማሃ ዲኤክስ7 ኪቦርድ አለኝ። ካጠፋሁት በኋላ ሳበራው ድምፆቹ ተዘበራርቀው፣ ስማቸውም ትርጉም የለሽ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ዕቃው አልቆለታል ይሉኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ አላለቀለትም። ባትሪው ነው ያለቀው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ዲኤክስ7 ውስጥ አንዲት ክብ የሊቲየም ባትሪ አለች፣ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ 32ቱን ድምፆች ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ባትሪዋ ራሷ ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ አትጠፋም። ችግሩ ዲኤክስ7 ላይ በብየዳ የተያዘች መሆኗ ነው፤ ባትሪን በመበየጃ ማጋል ደግሞ ሊያፈነዳት ይችላል። ጠጋኙ አሮጌዋን አንሥቶ በቦታዋ የባትሪ ማቀፊያ ያስቀምጥልዎ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ግድግዳ ሰዓት ባትሪ በጣት ትለወጣለች።

ባትሪዋ ስትነሣ የቀረው ሁሉ ይጠፋል። የእርስዎ ተዘበራርቆ ስለሆነ የሚጠፋ ብዙ የለም፣ ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ባለ ዲኤክስ7 ካለ ደህና ሳለ ያውጣው። ሚዲን (ኪቦርዶች መረጃ የሚለዋወጡበትን መስመር) ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ገዝቶ፣ የኪቦርዱን ሚዲ አውት ወደ ገመዱ ኢን ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ሚዲ ኦክስ ያለ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ኪቦርዱ ላይ የሲስተም መረጃውን ፈቅዶ 32ቱን ድምፆች መላክ ነው። ሚዲ በሴከንድ 31,250 ቢት ነው የሚሄደው፣ ጠቅላላው ከአንድ ሰከንድ ተኩል በታች ያልቃል። የደረሰው ፋይል 4,104 ባይት መሆኑን ይዩ። ካነሰ ተቆርጧል፤ ርካሽ ገመዶች ረጅም መልእክት ሲመጣ መሐሉን ይጥላሉ። አዲሷ ባትሪ ከገባች በኋላ ድምፆቹን ሲመልሱ የኪቦርዱን የሜሞሪ መከላከያ ማጥፋት አይርሱ፣ አለበለዚያ አይቀበልም። የፋብሪካው የመጀመሪያ ድምፆች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ያወርዱልዎታል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለች አክስቴ ኪቦርድ ላከችልኝ። 110 ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ኪቦርዱም ትራንስፎርመሩም ይግላሉ። ለምን?

መልስ፦ የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የእኛ 50። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ለ60 ብቻ ከተሠራ በ50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል። ጀርባውን አንብብ፤ 50/60 ካለ ችግር የለም። መጀመሪያ ከጃፓን የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ 100 ቮልት ይላል፣ ከዚያ በላይ ስታጎርሰው በየሰዓቱ እየጠበስከው ነው። ያቺ ትንሿ ቀላል የመንገደኛ መለወጫ ከሆነች ደግሞ እሷ ለካውያና ለፀጉር ማድረቂያ ናት፣ ንቀላት። ኪቦርዱ በውጭ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ግን እድለኛ ነህ፣ የ220 አዳፕተር ግዛ። ቮልቱ እኩል ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የፕላስና የማይነሱም ሥዕል አንድ ይሁን። መግባቱ ብቻ አይበቃም፣ ብዙ ኪቦርድ የተቃጠለው ልክክ ብሎ በገባ አዳፕተር ነው።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ። ፍሎፒ ከየት ይገዛል? ያሉኝም እየሞቱ ነው።

መልስ፦ አዲስ አትፈልግ። ሶኒ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 አቁሟል፣ ገበያ ላይ ያለው የተረፈ ክምችት ነው። ያሉህን አድን። መጀመሪያ በጻፋቸው በዚያው ኪቦርድ ለማንበብ ሞክር፤ አንባቢው በጊዜ ብዛት ትንሽ ሲጣመም የራሱን ዲስክ ብቻ ማንበብ ይለምዳል፣ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ያለው እዚያ ሊከፈት ይችላል። ክረምት እርጥበት ያገኘውን ዲስክ ሳታየው አታስገባ። መዝጊያውን ገፍተህ ነጭ ነጥብ ካየህ ሻጋታ ነው፣ አንባቢውን ይለቀልቀውና ቀጥሎ የገባውን ደህና ዲስክ ይፍቃል።

ዘላቂው መንገድ ጎቴክ የሚባለው ነው። በፍሎፒው ቦታ ይገባል፣ ፍላሽ ይጎርሳል፣ ኪቦርዱ ፍሎፒ የገባለት ይመስለዋል። አንድ ፍላሽ ላይ መቶ ፍሎፒ ታስቀምጣለህ። ሁሉም ግን ለሁሉም አይሆንም፤ ከማዘዝህ በፊት የኪቦርድህን ሞዴል ነግረህ ለሱ የሚሆነውን ጠይቅ፣ ወደ ኪቦርዱ የሚሄደውን ጥብጣብ ገመድም ፎቶ አንሥተህ ያዝ። ፍላሹ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፣ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርገው። ትልልቆቹን አዳዲስ ፍላሾች አሮጌ ማሽን አያውቃቸውም።

ወደ መተማው ልጅ ልመለስ፣ ያልጨረስኩለት ነገር አለ። ወንድምዓለም፣ ያማሃ መመሪያው ላይ ለኪቦርዶቹ የሚጽፈው ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ነው። በዚያ ወር መተማ ጥላ ሥር 40 ሊገባ ይችላል፣ ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር ኪቦርድ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ቦታህን ቀድመህ ምረጥ፣ ከጄኔሬተሩም ከወጥ ቤቱም የራቀ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የማያገኘው። ጀርባውን ከድንኳኑ ጨርቅ አንድ ክንድ አርቀው፣ ትንሽ ቬንትሌተር አቁምለት። እራት ሲቀርብ ተስማምተህ አጥፋውና ይረፍ፣ ማንም አያስተውልም። ሴቭ ያደረግህበትን ሁለተኛ ዲስክ ከኪቦርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ አትያዘው። የሙሽሮቹ መግቢያና ዋና ዋናዎቹ ጭፈራዎች ደግሞ ቀድመህ ተጫውተህ ስልክህ ላይ ቅዳቸው፣ ገመዱም ሚክሰሩ ላይ ተሰክቶ ይጠብቅህ።

ማሲንቆ ተጫዋቹንም ይዘኸው ሂድ።